ስለ ቡችላ ንጽሕናና ስለ ቤት ሰላም
(በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለነዋሪዎችና ለሹማምንት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገርበት ጕዳይ ለጊዜው ሲሰሙት የሚያስቅ ይመስላል። ነገሩ ስለ መንገድ ወይም ስለ ውኃ ቧንቧ ሳይሆን፤ በቤት ውስጥ እየሸና ባለቤቱን ስለሚያስቸግር ቡችላ ነው። ይሁን እንጂ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ላዳመጠኝ ሰው፤ ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር ከሕፃናት ጤና፤ ከጎረቤት ሰላምና ከከተማ ጽዳት ጋር የተያያዘ መሆኑን ለማስረዳት እችላለሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

መካሪ ራሱን እንከን የለሽ አድርጎ ሲያቀርብ ምክሩ ስለማይጣፍጥ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የራሴን ጥፋት እናገራለሁ። ልጆቼ ትንንሾች በነበሩ ጊዜ አንድ ወዳጄ የሁለት ወር ቡችላ ሰጠኝ። ጊዜው ክረምት ስለ ነበረ ከብርዱ እንዲያመልጥ ብለን ሳሎን ውስጥ አሳደርነው። በማግሥቱ ምንጣፉ ረጥቦ ተገኘ። እኔም ታላላቆቼ ሲያደርጉት እንዳየሁት፤ ማጅራቱን ይዤ አፍንጫውን በሽንቱ ላይ አሸሁት፤ በመጥረጊያ እጀታም መታሁት። በሦስተኛው ቀን እንደዚያው ሆነ፤ እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ሰነበተና «ይኸውላችሁ፤ በትር መምህር ነው» ብዬ በቤተ ሰቤ ፊት ተመጻደቅሁ። ኋላ ግን ሽታው ከየት እንደሚመጣ ስንፈልግ ከአልጋው ሥር፤ ከግድግዳው ጥግ አገኘነው። ቡችላው የተማረው በቤት ውስጥ አለመሽናትን ሳይሆን፤ እኔ በማየው ቦታ አለመሽናትን ነበረ።

በዚህ ተቈጥቼ ከአጥር ውጭ አወጣሁት፤ ተመልሶ ሲመጣም በሩን ዘጋሁበት። ከጥቂት ወራት በኋላ ከሥጋ ቤቶች አጠገብ ከሚያድሩት ባለቤት የሌላቸው ውሾች ጋር አየሁት። ዓመት ሳይሞላው ከዚያ መንጋ አንዱ የጎረቤታችንን ልጅ ነከሰው። ልጁ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ስለ ተወሰደና ክትባቱን ስለ ፈጸመ ዳነ፤ መንጋው ግን በመርዝ ተገደለ። በማግሥቱ ማለዳ በጋሪ ከተጫኑት በድኖች አንዱ በአንገቱ ላይ ታናሿ ልጄ ያሰረችለት ቀይ ክር ነበረበት። ልጄም እጄን ይዛ ቆማ ነበርና አየችው። ልጁን የነከሰው የትኛውም ይሁን፤ ያ ውሻ ወደ መንጋው የገባው በእኔ እጅ ነው።

እንግዲህ ይህን ጥፋት ሌላው ሰው እንዳይደግመው፤ ኋላ ከእንስሳት ሐኪሞችና ካሳደግኋቸው ሌሎች ቡችላዎች የተማርሁትን አካፍላችኋለሁ።

ከሁሉ በፊት ልናውቀው የሚገባው፤ ውሻ በተፈጥሮው ማደሪያውን የሚያረክስ እንስሳ አለመሆኑን ነው። ቡችላ ከተወለደ እስከ ሦስት ሳምንት ገደማ ያለ እናቱ እርዳታ ሊሸና አይችልም፤ እናቱ እየላሰች ታሸናዋለች፤ የወጣውንም ራሷ ታጸዳለች። ከዚያ በኋላ እግሩ ሲጠና ከተኛበት ተነሥቶ ጥቂት ራቅ ብሎ መሽናት ይጀምራል። ከሰባተኛው እስከ ዘጠነኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደግሞ ከእግሩ በታች የሚሰማውን ነገር፤ ሣር ይሁን አፈር፤ ሲሚንቶ ይሁን ምንጣፍ፤ ከመሽናት ጋር አያይዞ ይለምዳል። ስለዚህ ችግሩ ንጽሕናን መጥላት አይደለም። ቡችላው ማደሪያዬ የሚለው የተኛበትን ጨርቅ ብቻ ነው፤ ከእርሱ ሦስት ክንድ ርቆ ሳሎኑ ላይ ሲሸና በእርሱ አሳብ ከቤት ወጥቷል። የእኛ ሥራ ቤቱ በሙሉ ማደሪያ መሆኑን ጥቂት በጥቂት ማስረዳት ነው።

ሁለተኛው ልናውቀው የሚገባው የአካሉን ዐቅም ነው። እንደ መጠነኛ መለኪያ፤ ቡችላ በቀን ሽንቱን ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ በወር በተቈጠረው ዕድሜው ላይ አንድ ተጨምሮ የሚገኘውን ሰዓት ያህል ነው። የ2 ወሩ 3 ሰዓት፤ የ3 ወሩ 4 ሰዓት ማለት ነው። ይህም ጸጥ ብሎ ሲተኛ ነው እንጂ፤ ሲሮጥና ሲጫወት ጊዜው እጅግ ያጥራል። ስለዚህ የ2 ወር ቡችላን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ ቀትር 6 ሰዓት ዘግቶበት ወደ ሥራው የሄደ ሰው፤ ሲመለስ ርጥብ ወለል ቢያገኝ የሚወቅሰው ራሱን መሆን አለበት።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። መጠበቅ ያለባቸው ነገሮች አምስት ናቸው።

አንደኛው ሰዓት ነው። ቡችላው ከእንቅልፉ እንደ ነቃ ወዲያው፤ ምግብ ከበላ በኋላ ከ5 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ፤ ተጫውቶ ሲያበቃ፤ ማታም ከመተኛቱ በፊት ወደ ደጅ ይወሰድ። ከነዚህም ሌላ ነቅቶ ባለበት ጊዜ በየሰዓቱ መውሰድ ይገባል። ይህ እንዲሳካ ምግቡ በታወቀ ሰዓት፤ ገና ትንሽ ሳለ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ይሰጠው። ቀኑን ሙሉ ፍርፋሪ ሲወረወርለት የሚውል ቡችላ፤ የሚበላበት ሰዓት እንደማይታወቅ ሁሉ የሚወጣበትም ሰዓት አይታወቅም። ውኃን ግን ሽንት ይቀንሳል ብሎ መከልከል ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ሌሊትም አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መነሣት ለጥቂት ሳምንት ግድ ነው። በብዙ ከተሞቻችን ዳር ዳር ሌሊት ጅብ ስለሚዘዋወር፤ ከግቢው ሳይወጣ ሰው ባትሪ ይዞ አብሮት ይቁም።

ሁለተኛው ቦታ ነው። ከግቢው አንድ ጥግ ይመረጥና ሁልጊዜ ወደዚያው ብቻ ይወሰድ። የውሻ አፍንጫ ከሰው አፍንጫ ጋር የማይነጻጸር ስለ ሆነ፤ ትናንት የሸናበትን ሽታ ሲያገኝ እዚያው ለመድገም ይነሣሣል። በገመድ ይዘን፤ አንድ የታወቀ ቃል ተናግረን፤ ዝም ብለን እንቁም። እኛ እያጫወትነው ከሆነ የመጣበትን ረስቶ ይቦርቅና ወደ ቤት ሲመለስ ምንጣፉ ላይ ይሸናል። በክረምት ዝናቡን ፈርቶ አልወጣም ቢል፤ ከጣራው ክፈፍ ሥር ደረቅ ቦታ ይዘጋጅለት። ግቢ የሌላቸው፤ በፎቅ ቤት የሚኖሩ ሰዎች አፈር ወይም ሣር የተሞላ ጠፍጣፋ ሳጥን በሰገነቱ ላይ ቢያኖሩ ይጠቅማቸዋል። ጋዜጣ አንጥፎ ማስለመድም አለ፤ ነገር ግን በወረቀት ላይ የለመደ ቡችላ የአባወራውን ጋዜጣና ይህችኑ የመረጃ ወረቀታችንን ከሌላው ወረቀት ለይቶ እንደማያከብር አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚህ ስፍራ ስለ ቄጠማ አንድ ነገር ልናገር። በሣር ላይ መሽናትን በሚገባ የተማረ ቡችላ፤ በበዓል ቀን ሳሎኑ በርጥብ ቄጠማ ተጐዝጕዞ፤ ቡናው ቀርቦ፤ እንግዶች በተቀመጡበት ሰዓት ገብቶ መካከሉ ላይ ሊሸና ይችላል። እመቤቲቱ ታፍራለች፤ ጌታው ይቈጣል፤ ቡችላው ግን የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። ከሣሩ ጋር እንጂ ከእኛ በዓል ጋር አይተዋወቅም። በዚያ ቀን ጉዝጓዙ እስኪነሣ ድረስ ከሳሎን ውጭ ማቆየት ከሁሉ ይሻላል።

ሦስተኛው ምስጋና ነው። ቡችላው በተፈለገው ቦታ ሸንቶ እንደ ጨረሰ፤ ወደ ቤት ሳይመለስ፤ እዚያው በቆመበት በለሰለሰ ድምፅ ይመስገን፤ ቅንጣት ሥጋ ወይም ቍራሽ ዳቦ ይሰጠው። ሽልማቱ ቤት ከገባ በኋላ ቢሰጠው የተሸለመው ስለ መሽናቱ ሳይሆን ወደ ቤት ስለ መግባቱ ይመስለዋል። የውሻ አእምሮ ሥራንና ዋጋውን የሚያያይዘው በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ ነው።

አራተኛው ጥበቃ ነው። ቡችላ ከመሽናቱ በፊት ምልክት ያሳያል፤ ጨዋታውን ያቋርጣል፤ ወለሉን እያሸተተ ይዞራል፤ ወይም ወደ በሩ ይሄዳል። ይህን ያየ ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ያውጣው። የሚያየው ሰው በሌለበት ጊዜ ደግሞ ቤቱን ሁሉ ከመልቀቅ፤ ተኝቶ ሊዘረጋና ሊዞር በሚችልበት ጠባብ ማደሪያ ወይም በታጠረ ጥግ ማቆየት ይሻላል፤ ማደሪያውን ማርከስ ስለማይወድ ይታገሣል። ይህም ከዐቅሙ ለሚበልጥ ሰዓት እንዳይሆን፤ ማደሪያውም እስር ቤት እንዳይመስለው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከቤተ ሰቡ ጀምሮ እስከ ሠራተኛይቱና እስከ ዘበኛው ድረስ ሁሉም አንድ ሥርዓት ይጠብቁ፤ አንዱ ሲያስተምር ሌላው ቢያፈርስ ቡችላው የሚታዘዘውን አያውቅም።

አምስተኛው እጥበት ነው። የሸናበት ወለል ለእኛ ቢደርቅም ለእርሱ ሽታው እንደ ተጻፈ ደብዳቤ ይነበባል። ስለዚህ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ሽንቱን መጭመቅ፤ ቀጥሎ በሳሙናና በውኃ ማጠብ፤ በመጨረሻም ውኃ በተቀላቀለበት አቸቶ ማበስ ይጠቅማል። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ሽታው ሽንትን ስለሚመስል ቡችላውን መልሶ ይጠራዋል እንጂ አያርቀውም። በረኪናንም ከአሞኒያ ወይም ከአቸቶ ጋር ማደባለቅ ሳንባን የሚጐዳ ጭስ ስለሚያወጣ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ወለሉ የአፈር ልቅልቅ ከሆነ የረጠበውን አፈር ጠርቦ አውጥቶ እንደ ገና መለቅለቅ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ተደርጎ ቡችላው በቤት ውስጥ ቢሸናስ? ሲሸና ካገኘነው አንድ ጊዜ አጨብጭበን እናቋርጠውና አንሥተን ወደ ቦታው እንውሰደው፤ እዚያ ከጨረሰ እናመስግነው። ሸንቶ ካለፈ በኋላ ካገኘነው ግን ዝም ብሎ ከማጠብ በቀር የሚደረግ ነገር የለም። ብዙ ሰው «ጥፋቱንማ ያውቃል፤ ሲያየኝ ጆሮውን ጥሎ ያቀረቅራል» ይላል፤ እኔም እል ነበር። በኒው ዮርክ የምታስተምረው አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ በ2009 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባወጣችው ጥናት በ14 ውሾች ይህንኑ መርምራለች። ውሾቹ እንዳይበሉ የታዘዙትን ምግብ አንዳንዶቹ በሉ፤ አንዳንዶቹ አልበሉም፤ ጌቶቻቸው ግን አንዳንድ ጊዜ ሐሰት ተነገራቸውና ያልበላውን ተቈጡት። የተገኘውም ውጤት፤ ያ የጥፋተኛ መልክ የሚታየው ውሻው ባጠፋ ጊዜ ሳይሆን ጌታው በተቈጣ ጊዜ መሆኑ ነው። እንግዲያስ ቡችላው ሲያቀረቅር የሚናገረው «በድያለሁ» ሳይሆን «ፈርቻለሁ» ነው። ፍርሃት ደግሞ የሚያስተምረው መደበቅን ብቻ መሆኑን እኔ ከአልጋዬ ሥር ተምሬዋለሁ።

አንዳንድ ቡችላ ጌታው ሲጠጋው ወይም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ መሬት ላይ ተኝቶ ይሸናል። ይህ መገዛቱን መግለጫ ነው እንጂ አለመልመድ አይደለም፤ ቍጣ ያብሰዋል፤ ጐንበስ ብሎ በለዘብታ መቅረብ ግን ያድነዋል። ለምዶ ሳለ ድንገት በቤት ውስጥ መሽናት የጀመረ፤ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት የሚሸና፤ ወይም በሽንቱ ደም የሚታይበት ቡችላ ደግሞ ሕመምተኛ ስለ ሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም ይወሰድ። ከዚህ ውጭ ብዙዎቹ ቡችላዎች በ4ኛውና በ6ኛው ወር መካከል ይረጋጋሉ፤ አንዳንዶቹ ግን እስከ ዓመት ይዘገያሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አበው ለዚህም ይሠራል።

ክቡራንና ክቡራት፤

አሁን ነገሩ ከምንጣፍ የሚያልፍበትን ምክንያት ልግለጽ። ብዙ ቡችላዎች ገና በእናታቸው ማሕፀንና በጡቷ ወተት የውሻ ወስፋትን ይቀበላሉ። እንቁላሉ ከዓይነ ምድራቸው ጋር ይወጣል። ይህ እንቁላል በወጣበት ዕለት ሰውን አይዝም፤ ለመብሰል ሁለት ሳምንት ያህልና ከዚያም በላይ ያስፈልገዋል። ከዚያ በኋላ ግን አፈር ነክቶ እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ቢውጠው፤ ትሉ በሰውነቱ ውስጥ ተዘዋውሮ ጉበትን፤ አንዳንዴም ዓይንን ይጐዳል። ስለዚህ የቡችላን ዓይነ ምድር በየቀኑ አንሥቶ የሚቀብር ሰው በሽታው ሳይበስል ቀድሞታል። ቡችላውም ከሁለት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ በሐኪም ምክር የወስፋት መድኃኒት በተደጋጋሚ ይሰጠው። በበዓል በግ በታረደ ጊዜም ውኃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ መወርወር አይገባም፤ ከዚያ የሚያድገው ትል በውሻው በኩል ተመልሶ ሰውን ይይዛልና።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል፤ ከመቶው 99 እጅ ያህሉም የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ከትቦ ካዳነበት ቀን ጀምሮ መከላከያው ይታወቃል፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ግን ዛሬም ቢሆን የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ ሳይውል ሳያድርም ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ቡችላም 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዓመት በኋላም ይደገምለት።

ይህ ከሽንት ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። መልሴ እነሆ። በቤቱ ተወዶ የሚኖር ውሻ ይከተባል፤ ይታሰራል፤ ይጠበቃል። በሽንቱ ምክንያት የተጠላ ቡችላ ግን ወደ መንገድ ይወጣል፤ በመንገድ ላይ የሚከትበው የለም። ከመንገድ ውሾች ብዙዎቹ ወይም ራሳቸው ወይም እናቶቻቸው አንድ ጊዜ ባለቤት ነበራቸው። በር የተዘጋበት ቡችላ ሁሉ ለመንጋው የተላከ ምልምል ነው።

ስለዚህ ለክቡራን ሹማምንት የማቀርበው አሳብ ይህ ነው። መርዝ ውሻን ለአንድ ሰሞን ያሳንሳል እንጂ በሽታውን አያጠፋም፤ ባዶውን ቦታ ያልተከተበ ሌላ ውሻ ይሞላዋል። ከ100 ውሾች 70 ያህሉ ከተከተቡ ግን የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። የዓለም ጤና ድርጅትና ተባባሪዎቹ በ2030 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በውሻ በሚተላለፈው በዚህ በሽታ የሚሞት ሰው እንዳይኖር ያወጡት ዕቅድ የተመሠረተው በዚሁ ነው። በሽታውን የምናስብበት ዓለም አቀፍ ቀን በመስቀል በዓል ሰሞን ይውላልና፤ በዚያ ሳምንት በየቀበሌው የክትባት ቀን ቢታወጅ፤ የውሾች መዝገብም ቢከፈት፤ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ብዙ ሕይወት ያተርፋል።

ለነዋሪው ደግሞ የምለው አጭር ነው። ጊዜ የሌለው ሰው ቡችላ አይቀበል። የተቀበለ ግን ጥቂት ወር ይታገሥ፤ ሌሊት ይነሣ፤ ይጠብ፤ ያመስግን፤ ያስከትብ። ማሳደግ ያቃተው ቢኖር እንኳ ለሚያሳድግ ሰው ይስጥ እንጂ በር አይዝጋ።

ቀይ ክሩን ያየችው ልጄ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው ዓመት ለልጆቿ ቡችላ ልትወስድ ፈልጋ ምክር ጠየቀችኝ። እኔም ከላይ የነገርኋችሁን ሁሉ ነገርኋት። ሰምታ ስታበቃ «አባዬ፤ ያን ጊዜ ይህን ብታውቅ ኖሮ» ብላ ዝም አለች። ለእርሷ ያልደረሰው ምክር ለእናንተ ልጆች ይድረስ ብዬ ነው በዚህ አዳራሽ የቆምሁት።